ባለቤት ያጣ ደብዳቤ



«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው በመሥሪያ ቤታችን በመካሄድ ላይ ካለው የንብረት ቆጠራ ሥራ ጋር በተያያዘ በእጃችሁ የሚገኙ ቋሚ ዕቃዎች ዝርዝር ተጠናቅሮ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲቀርብ አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግ ከአክብሮት ጋር እየገለጽን ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያላነበበ፣ ወይም ራሱ ያልጻፈ የቢሮ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። ደብዳቤው ጨዋ ነው፤ የፊደል ግድፈት የለበትም፤ ማኅተሙም በቦታው አለ። የደረሰው ክፍል ግን ሦስት ነገር አያውቅም። ዝርዝሩን የሚያጠናቅረው ዕቃውን የያዘው ሠራተኛ ነው ወይስ የክፍሉ ኃላፊ? «አጭር ጊዜ» የሚባለው እስከ ዓርብ ነው ወይስ እስከ ወሩ መጨረሻ? ዝርዝሩስ የሚቀርበው ለማን ነው? ስለዚህ ደብዳቤው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይመራል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሦስተኛው። በመጨረሻ አንዱ ስልክ ያነሳና «ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ደብዳቤው ያልሠራውን ሥራ ስልኩ ይሠራዋል።

ያው ጉዳይ እንዲህም ይጻፋል፦ «ንብረት እየቆጠርን ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በእጁ ያሉትን ቋሚ ዕቃዎች በተያያዘው ቅጽ ላይ ሞልቶ ቅጹን እስከ ኅዳር 12 ቀን ከቀኑ 11፡30 ሰዓት ድረስ ለንብረት ክፍል ያስረክብ። ጥያቄ ያለው ሰው የንብረት ክፍል ኃላፊዋን ያነጋግር።» በቃላት ብዛት ሁለቱ እምብዛም አይለያዩም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ችግር በርዝመቱ ማሳበብ አይቻልም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

የአማርኛ ሰዋስው ያንን የጎደለ ነገር «ባለቤት» ይለዋል። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ድርጊቱን የሚፈጽመው እርሱ ነው። ቃሉ በመንደር ቋንቋም የንብረትና የኃላፊነት ቃል መሆኑ ለቢሮ ሰው የተመቸ አጋጣሚ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲያጣ ጉዳዩም ባለቤት ያጣልና። ይህ ሁሉ ደግሞ ሰዋስው ካለማወቅ የመጣ ነው ማለት የዋህነት ይሆናል። «አደርጋለሁ» ያለ ሰው ሳያደርግ ቢቀር ይጠየቃል፤ «ይደረጋል» ያለ ግን ቢደረግም ባይደረግም የለበትም። የቢሮ አማርኛ ድብስብስነት ከድንቁርና ይልቅ የመጠለያ ጠባይ ይበዛበታል።

የድሮው ደብዳቤ እንዲህ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ሲጻጻፉ ማኅተሙ ከራስጌ ይቀመጣል፤ «ይድረስ» ተብሎ የላኪና የተቀባይ ስም ይጠራል፤ ጤና ይጠያየቃሉ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል። ሰላምታው ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩ ግን ማን ለማን ምን እንደሚል አያምታታም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴርን ከመጀመሪያዎቹ መካከል አደረጉት፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም ያዙት። መንግሥት ከወረቀት ጋር ያለው ትዳር ከዚያ ወዲህ እየጠበቀ ሄደ። መዝገብ ቤት፣ ገቢና ወጪ ቁጥር፣ «ጉዳዩ»፣ «ግልባጭ» የሚባሉት ሁሉ ለቢሮ ሰው እንደ ዳዊት የተለመዱ ሆኑ።

ከእነዚህ ውስጥ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ሊመሰገን ይገባዋል። አንባቢው ደብዳቤውን ከማንበቡ በፊት ምን እንደሚጠበቅበት ሊነግረው የሚችል አንድ መስመር ነው። ችግሩ ጸሐፊው ዕድሉን ሲያባክነው ነው። «ጉዳዩ፦ ትብብርን ይመለከታል» የሚል መስመር ለማንም ምንም አይነግርም። «ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ የ3 ወር የሱቅ ኪራይ» የሚለው ግን ደብዳቤውን ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል። «በቁጥር ይህን በቀን ያንን በተጻፈ ደብዳቤ እንደተገለጸው» የሚለው መግቢያም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የቀድሞው ደብዳቤ ምን እንዳለ በአንድ ሐረግ ካልተነገረ አንባቢው መዝገብ ቤት ወርዶ ፋይል ያስወጣል። ቁጥሩ ለመዝገብ ቤት ነው፤ ሐረጉ ለሰው።

ወደ ሰዋስው ስንመለስ፣ አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። «ወሰነ፣ ወሰነች፣ ወሰኑ፣ ወሰንን» ሲባል የመጨረሻዋ ፊደል ማን እንደወሰነ ትናገራለች። «ተወሰነ» ሲባል ያች ምስክር ትወጣለች። ግሱ ደግሞ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ አርባ ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው ነገሩ ይፈቀድ ይከልከል ሳያውቅ ሠላሳ ዘጠኙን ቃል በእጁ ተሸክሞ ይጓዛል። በእንዲህ ያለ ቋንቋ አጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ለአንባቢ ማዘን ነው።

በዚህ ላይ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም። «ድርጅቱ ለሥራ ልብስ በጀት ይዟል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት ሁለት የሥራ ልብስ ይሰጣል።» የመጨረሻው ቃል ሲላላ የሚሰጠው ድርጅቱ ነው፤ ሲጠብቅ ሰጪው አይታወቅም። በቃል ሲነገር ጆሮ ይለየዋል፤ በወረቀት ላይ ግን አንድ ናቸው። ሠራተኛው ልብሱን ከማን እንደሚጠይቅ ማወቅ ሲፈልግ፣ ድርጅቱ «ሰጪው ሥራ ተቋራጩ ነው» ብሎ ሊከራከር ቀዳዳ አገኘ ማለት ነው። «የሥራ ልብሱን ገዝቶ የሚያቀርበው ድርጅቱ ነው» ቢባል ኖሮ ክርክሩ አይወለድም ነበር።

እንዲህ ያለ ቀዳዳ ዋጋው ስንት እንደሆነ ሕጉ ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች ከዚያ ርቀው የተዋዋዮችን ሐሳብ በትርጉም እንዳይፈልጉ ይከለክላል። በቁጥር 1738 ደግሞ አጠራጣሪ ቃል ሲያጋጥም ትርጉሙ ለባለዕዳው እንዲያደላ፣ አንዱ ወገን ብቻውን አዘጋጅቶ ያቀረበው የውል ደንብም ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ያዛል። የብድር ውል የሚያዘጋጅ ባንክ፣ የኢንሹራንስ ውል የሚያትም ኩባንያ፣ የኪራይ ውል አባዝቶ የሚያስፈርም ባለሕንፃ ሁሉ ይህ ይመለከታቸዋል። ቃሉን ያደፈረሰ ሰው ከድፍርሱ እንዳይጠቀም ማለት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግም በቼክ ላይ በአኃዝ የተጻፈውና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ ሲለያዩ በፊደል የተጻፈውን ያጸናል። ገንዘብ ያዦች ብሩን በፊደል ሲጽፉ ፊታቸውን የሚያኮሳትሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ የጎን ነገር እዚህ ላይ ጣል ማድረግ ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ አማርኛው ትርጉም ነው። ጠበቃ ያልሆነ ጸሐፊ ደብዳቤው የሕግ ድምፅ እንዲኖረው ሲፈልግ ከዚያ ትርጉም አማርኛ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ይዋሳል፤ በቁጥርና በንዑስ ቁጥር መከፋፈሉን ግን ይተወዋል። ከሕጉ መዋስ የነበረበት ሁለተኛውን ነበር።

ከሁሉ የተዛመተው ልማድ ግሱን ወደ ስም ለውጦ በረዳት ግስ ማስደገፍ ነው። መክፈል «ክፍያ መፈጸም» ይሆናል፤ መግዛት «ግዢ ማከናወን»፤ መወያየት «ውይይት ማካሄድ»፤ መጠገን «ጥገና ማድረግ»። በሽታው ሲጸና «የመጠገን ሥራ እየተሠራ ይገኛል» ይደርሳል፤ አንድ ግስ የሚበቃበት ቦታ ላይ አራት ቃላት ተሰልፈው ቆመዋል፣ ጠጋኙም የለም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን በዚህ ቋንቋ ቀኑን ሙሉ ስለሚናገሩ ወጣቱ ጸሐፊ የጨዋ አማርኛ ይህ ብቻ ቢመስለው አይፈረድበትም። እርግጥ ነው፣ ስሙ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ «ርክክብ» የታወቀ ሥነ ሥርዓት ነው፤ «ግዢ» የክፍል ስም ነው፤ እነዚህን በግድ ወደ ግስ መመለስ ሌላ ጅልነት ነው። ነገር ግን «ባለሙያው ፓምፑን ማክሰኞ ይጠግናል» ለማለት ማንም ሰው ኮሚቴ አያስፈልገውም።

የአክብሮት አነጋገርም የራሱ ወጥመድ አለው። አማርኛ አንቱታንና ብዙ ቁጥርን በአንድ መልክ ይጽፋል። ቃለ ጉባኤ ላይ «ሰብሳቢው ከኦዲተሩ ጋር ተነጋግረው ሰነዱን ተረክበዋል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሰነዱ የማን እጅ ገባ? የሰብሳቢው? የሁለቱም? በስብሰባው ላይ የነበሩት ያውቃሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ያን ሰነድ የሚፈልገው ሰው ግን አያውቅም። መፍትሔው አንቱታን መጣል አይደለም፤ በዚህ አገር አዛውንት ሰብሳቢን «ተረከበ» ብሎ የጻፈ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። መፍትሔው ማዕረጉን መድገም ነው፦ «ሰነዱን የተረከቡት ሰብሳቢው ናቸው።» ሥነ ጽሑፍ የለመደ ጆሮ ድግግሞሽ ይጎረብጠዋል። ቃለ ጉባኤ ግን ሳያፍር መድገም የሚችል የጽሑፍ ዓይነት ነው።

ሌላው «ሞልቶ፣ ከፍሎ፣ አስፈርሞ» እያለ የሚቀጥለው ሰንሰለት ነው። አማርኛ ተከታታይ ሥራን በእንዲህ ያለ ቅልጥፍና መናገሩ ትልቅ ሀብት ነው፤ የሥራ መመሪያ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ደንቡ አንድ ነው፤ ሰንሰለቱ በጀመረው ባለቤት መዘጋት አለበት። «ደንበኛው ቅጹን ሞልቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃው ይወጣል» የሚለው መመሪያ መሐል ላይ ባለቤቱን ቀይሯል። ደንበኛው ሞላ፣ ከፈለ፤ ዕቃው ደግሞ በራሱ እግር ወጣ። «ደንበኛው ቅጹን ሞልቶ ገንዘቡን ሲከፍል መጋዘን ሹሙ ዕቃውን ያስረክበዋል» ሲባል የሁለት ሰዎች ሥራ ተለይቶ ይቆማል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሳይዘጋ የሚቀረው ዓረፍተ ነገር ነው። «...እንዲያውቁት እየገለጽን፣ አንድ ገጽ አባሪ ማድረጋችንንም እያሳሰብን።» ከዚያ አራት ነጥብ፣ ከዚያ «ከሰላምታ ጋር»። «እያሳሰብን» ምን አደረግን? አንባቢው ተከታዩን ገጽ ገልጦ የሚፈልግበት ጊዜ አለ።

ቀንና ሰዓት ላይ ግን ስሕተቱ ከቋንቋ አልፎ ገንዘብ ይበላል። በጋዜጣ የሚወጣ የጨረታ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ... በ16ኛው ቀን ከረፋዱ 4፡00 ሰዓት ተዘግቶ በዚሁ ዕለት 4፡30 ሰዓት ይከፈታል።» ማስታወቂያው የወጣበት ቀን ራሱ ይቆጠራል? «ጀምሮ» የሚለው ቃል ይቆጠራል ያሰኛል፤ ብዙ ተጫራች ግን ከማግስቱ ይጀምራል። ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው? ለባንክ ቤቱና ለነጋዴው ነው፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ አይደለም። መሐል ላይ ኢድ ወይም መውሊድ ቢገባስ? ቀኑ በጨረቃ የሚወሰን በዓል አስቀድሞ በእርግጠኝነት አይቆጠርም። «ተከታታይ» እና «የሥራ» የሚሉት ቃላትም ጎን ለጎን ሲቆሙ ይጋፋሉ፤ አንደኛው እሑድን ጨምር ይላል፣ ሌላኛው ዝለል። ሰነዱን በስንት ድካም አዘጋጅቶ በአንድ ቀን ዘግይቶ የተመለሰ ተጫራች ቅሬታ ያስገባል፤ ቅሬታውም ጨረታውን ያጓትታል። ይህ ሁሉ «ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ከረፋዱ 4፡00 ሰዓት ይዘጋል» በሚል አንድ መስመር የሚቀር ጣጣ ነው። የዕለቱን ስም ከቀኑ ጋር መጻፍ ለጸሐፊውም ይጠቅመዋል፤ ቀኑን ቢሳሳት ዕለቱ ያጋልጠዋል።

ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍ ድርጅት ሸክሙ እጥፍ ነው። 5/6/2016 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአዲስ አበባው ሰው የካቲት 5 ነው፤ ለለንደኑ ሰው ጁን 5፤ ለዋሽንግተኑ ደግሞ ሜይ 6፤ ዓመቱም ቢሆን በሰባት ወይም በስምንት ይለያያል። አዲስ ዓመታችን የሚውልበት ቀን እንኳ አይጸናም፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ የ2017ቱ ሴፕቴምበር 11። ዱባይ ካለ አቅራቢ ጋር ውል የሚጽፍ አስመጪ የወሩን ስም በፊደል ጽፎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካላለ ዕቃው የሚጫንበትን ቀን ለዕድል ተወው ማለት ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ፤ ትኬት ላይ 03:00 ተብሎ የታተመው በረራ የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉት ቃላት ትርፍ ቃላት አይደሉም።

ስለ ፊደል አጻጻፍ ብዙ ተከራክረናል፤ እዚህ ላይ ባጭሩ ማለፍ ይሻላል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላታቸው ርዕስ ላይ «ዐዲስ» ብለው ጽፈዋል፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ጋዜጣ ደግሞ «አዲስ ዘመን» ነው። ሊቁ የቃሉን ሥር ይዘዋል፤ ጋዜጣው የሕዝቡን ልማድ። ለቢሮ የሚጠቅመው ክርክሩን ማሸነፍ ሳይሆን አንዱን መርጦ መጽናት ነው። ኮምፒውተር «ኃይሉ»ን፣ «ሀይሉ»ንና «ሃይሉ»ን ሦስት ሰዎች አድርጎ ነው የሚያያቸው። የደንበኛ ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለ ካልተገለበጠ በፍለጋ አይገኝም፤ ሰውየው መስኮቱ ላይ ቆሞ «የሉም» ይባላል። «ሕፃናቶች»፣ «መምህራኖች»፣ «ቃላቶች» የሚሉትን እጥፍ ብዙ ቁጥሮችም በዚሁ አጋጣሚ መሰናበት ይቻላል፤ «ሕፃናት»፣ «መምህራን» እና «ቃላት» ብቻቸውን ብዙ ናቸው። የውጭ ቃል ላይ ግን መክረር አያስፈልግም። መርካቶ ውስጥ «ፕሮፎርማ» ብሎ ያልተረዳው ነጋዴ የለም፤ አዲስ ቃል ፈጥሮ ከነማብራሪያው ማቅረብ አንባቢን ሁለት ጊዜ ማድከም ነው።

መጥፎ ዜና የሚጻፍበት ደብዳቤ ላይ ሲደረስ ድብስብሱ ቋንቋ ከሁሉ ይከፋል። ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ አለቃ «በተደጋጋሚ በታየው የሥነ ምግባር ጉድለት ምክንያት አስፈላጊው እርምጃ እንደሚወሰድ» ብሎ ይዘጋል። የትኛው ጉድለት? በየትኞቹ ቀናት? ምን ዓይነት እርምጃ? ጸሐፊው ለስላሳ የሆነ ይመስለዋል፤ ሠራተኛው ግን ምን ማረም እንዳለበት ሳያውቅ እንቅልፉን ያጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የማቋረጥ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን እንዲገልጽ ያዛል። ሕጉ ለመጨረሻው ደብዳቤ የጠየቀውን ግልጽነት ለመጀመሪያው ደብዳቤ መንፈግ አግባብ አይመስልም። «ሰኞ ጥቅምት 4 እና ረቡዕ ጥቅምት 6 ቀን ከ2 ሰዓት በላይ ዘግይተው ገብተዋል» የሚል ደብዳቤ አንቱታውን እንደያዘ እውነቱን ይናገራል፤ ሠራተኛውም «ረቡዕስ ታምሜ ነበር» ብሎ የሚመልስበት ነገር ያገኛል።

የቢሮ ጽሑፍ ዛሬ ግማሹ ወደ ስልክ ገብቷል፤ ትዕዛዙም ማረጋገጫውም በቴሌግራም ይላካል። ቋንቋ አዋቂው ይህን ሲያይ ያዝናል፤ ነጠላ ሰረዝ የለ፣ አራት ነጥብ የለ። ሆኖም አንድ የጅምላ ነጋዴ ለመጋዘን ሠራተኛው የሚልከውን ዓይነት መልእክት ልብ ብሎ ላነበበው ሐዘኑ ይቀልለታል፦ «ባለ 5 ሊትር ዘይት 40 ካርቶን ጫን። ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይድረስ። ሱቅ ላለው ወንድሜ አስረክብና አስፈርመው። የሹፌሩን እኔ ከፍያለሁ።» ማን እንደሚጭን፣ ስንት እንደሚጫን፣ መቼ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚረከብ፣ ማን እንደከፈለ ተነግሯል፤ ባለቤት ያጣ ግስም የለም። ይኸው ነጋዴ በማግስቱ አርማ ባለው ወረቀት ላይ ለአቅራቢው ሲጽፍ «ምርቱ በወቅቱ ተደራሽ እንዲሆን አስፈላጊው ክትትል እንዲደረግ ለማሳሰብ እንወዳለን» ይላል፤ አቅራቢውም ስልክ ደውሎ ስንት ካርቶን እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል።